በሬ ወይስ በቅሎ፣ ዋናው መንገድ ወይስ አቋራጭ፦ በጋሪ ወደ ምዕራብ የተጓዙ ቤተሰቦች ምርጫዎች

በ1840ዎቹና በ1850ዎቹ በየፀደዩ አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ ወንዝ አካባቢ ባሉ ከተሞች፣ በተለይ ኢንዲፔንደንስ በምትባለው፣ ቤተሰቦች ጋሪያቸውን ይዘው ይሰበሰቡ ነበር። (ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከፊታቸው እስከ ኦሬገን ድረስ 3,200 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ከአራት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል። በመሃል ያሉት ጥቂት ምሽጎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። አብዛኛው ሰው፣ እናቶችና ልጆች ጭምር፣ መንገዱን በእግሩ ነው የጨረሰው። ጋሪው የስንቅ እንጂ የሰው አልነበረም።

ስለዚህ ጉዞ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ጀግንነቱ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ ምርጫው ነው። ጋሪው በምን ይጎተት? ምን ይጫን? መቼ ይነሱ? የማንን ምክር ይስሙ? እነዚህን ጥያቄዎች የመለሱት ተራ ገበሬዎች ነበሩ። አብዛኞቹ ያን አገር አይተውት አያውቁም።

ምርጫዎቹን ጎን ለጎን አድርጌ የቱ ይሻል እንደነበር የራሴን ፍርድ እሰጣለሁ። መለኪያዬ ፍጥነት አይደለም። «ነገሩ ቢበላሽ ምን ይተርፈኛል?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዚያ መንገድ ላይ የማይበላሽ ነገር አልነበረምና።

በሬ፣ በቅሎ ወይስ ፈረስ?

ፈረስ ቶሎ ከውድድሩ ይወጣል። ጋሪ እየጎተተ በሜዳ ሳር ብቻ አይዘልቅም፤ እህል ይፈልጋል። ለወራት የሚበቃ እህል ከተጫነ ደግሞ የቤተሰቡ ስንቅ ቦታ ያጣል።

እውነተኛው ክርክር በበሬና በበቅሎ መካከል ነበር። በቅሎ ፈጣን ነው። መንገዱ ከተመቸ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በሬ ከ20 እስከ 25 ቢሄድ ነው። በወራት ሲሰላ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ዋጋው ግን ሌላ ነው። በ1859 ለተጓዦች ምክር የጻፈ አንድ የጦር መኮንን ስድስት በቅሎ 600 ዶላር፣ ስምንት በሬ ደግሞ 200 ዶላር ገደማ እንደሚያወጣ አስፍሯል። ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ይህ ልዩነት የመሄድና የመቅረት ጉዳይ ነበር።

ከዋጋው በላይ እኔን ያሳመነኝ የበሬው ጠባይ ነው። ሌላ ከብት የሚንቀውን ደረቅ ሳር ይበላል። ሌሊት ቢደነብር እንደ በቅሎ ርቆ አይጠፋም። ፈረስና በቅሎ የሚሰርቅ ሰው በሬ ብዙም አይፈልግም። ሲነዳ ልጓም አይፈልግም፤ ነጂው በግራ በኩል አብሮት በእግሩ እየሄደ በድምፅና በአለንጋ ያዘዋል። ቀንበርና ጥማድ ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሁሉም በላይ፣ ቀኑ ከጨለመ በሬ ይበላል። በደረሱበት አገርም ማረሻ ይጎትታል።

አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ሰኮናው ለሁለት የተሰነጠቀ ስለሆነ ለእያንዳንዱ እግር ሁለት ሁለት ብረት ያስፈልገዋል። ፈረስ አንድ እግሩን አንስቶ በሦስት ይቆማል፤ በሬ ግን እንዲህ መቆም አይሆንለትም። ስለዚህ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ገልብጠው በጀርባው አስተኝተው ነበር ብረት የሚመቱለት። ብረት ሲያልቅ ወፍራም ቆዳ ያለብሱታል።

ከተጓዦቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በሬ መርጠዋል። ትክክል ነበሩ። በቅሎን የምመክረው ለአንድ ዓይነት መንገደኛ ብቻ ነው፦ ልጅ ለሌለው፣ ጋሪ ትቶ ጭነቱን በጀርባ ጭኖ ለሚሄድ ወንደላጤ። በ1849 ወርቅ ፍለጋ ወደ ካሊፎርኒያ ከጎረፉት ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ነበሩ።

ትልቅ ጋሪ ወይስ ትንሽ? ስንቅ ወይስ የቤት ዕቃ?

ትልቁ የንግድ ጋሪ ለተራራው ይከብዳል፤ ከብቱን ይጨርሳል። የሚሻለው ተራው የእርሻ ጋሪ ነው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ ወርዱ 1.2 ሜትር ያህል ሆኖ ሸራ የለበሰ። ሸራው ውሃ እንዳያስገባ የተልባ ዘይት ይቀባል። ጭነቱ አንድ ቶን ገደማ ላይ ቢቆም ጥሩ ነው።

በዚያ ዘመን የነበረው የስንቅ ምክር ለአንድ አዋቂ 90 ኪሎ ዱቄት፣ ወደ 70 ኪሎ ጨው የገባው የአሳማ ስጋ፣ 9 ኪሎ ስኳር፣ ቡናና ጨው ደግሞ አራት አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነበር። አራት አዋቂ ያለበት ቤተሰብ ሂሳቡን ቢሠራው አብዛኛውን ጭነት ምግብ ብቻ ይወስደዋል። ታዲያ የእናት ቁም ሳጥን፣ የብረት ምድጃው፣ የአያት ወንበር የት ይግባ?

ብዙዎች ጭነውት ሄዱ። ከዚያ በሬው ሲደክም መንገድ ዳር ጣሉት። በ1849 ፎርት ላራሚ የሚባለው ምሽግ አካባቢ የተጣለ ምድጃ፣ ሳጥንና መሣሪያ ተከምሮ ይታይ ነበር። የሚያሳዝነው ስንቅም አብሮ መጣሉ ነው። መጀመሪያ የቤት ዕቃውን ትቶ የተነሳ ሰው ዱቄቱን መጣል አያስፈልገውም ነበር። እዚህ ላይ አላመነታም፦ ስንቅ ይቅደም፤ የቤት ዕቃው ይሸጥ፤ ገንዘቡ ለመሻገሪያ ይያዝ።

ዱቄቱ ብቻ ግን አይበቃም። አትክልትና ፍራፍሬ ሳይቀምስ ወራት የቆየ ሰው ድዱ ይደማል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ አቅሙ ይከዳዋል። የደረቀ ፍራፍሬ፣ በኮምጣጤ የተቀመጠ አትክልት፣ በየመንገዱ የሚለቀም የዱር ፍሬ ይህን ይከላከል ነበር። የአሳማ ስጋው በሙቀት እንዳይቀልጥ በፍሩሽካ ውስጥ ይቀበራል። እንቁላሉ በበቆሎ ዱቄት መሃል ይደረደራል። ማገዶ በሌለበት ሜዳ ደግሞ የጎሽ ኩበት ነበር የሚነደው። ሴቶችና ልጆች በመንገድ ላይ ሲለቅሙት ይውላሉ። መጀመሪያ የተጸየፉት እንኳ ከጥቂት ቀን በኋላ ይለምዱታል።

መቼ ይነሱ?

ከሁሉም ምርጫ ከባዱ ይህ ይመስለኛል። ቀድሞ የተነሳ ሰው ሳር አልበቀለለትም፤ ከብቱ ይራባል። የዘገየ ደግሞ ሳሩን ፊት ያለፉት ግጠውት ያገኘዋል፤ መጨረሻ ላይ በረዶ ይጠብቀዋል። ጥሩው ጊዜ ከኤፕሪል አጋማሽ እስከ ሜይ መጀመሪያ ነበር። ዋዮሚንግ ውስጥ ኢንዲፔንደንስ ሮክ የሚባል ትልቅ አለት አለ። ጁላይ 4 አካባቢ እዚያ የደረሰ ሰው ጊዜው ተስተካክሎለታል ይባል ነበር።

የቀን ጉዳይ ምን ያህል እንደሚከብድ ከሁሉ በላይ የሚያሳየው የ1856ቱ የእጅ ጋሪ ጉዞ ነው። የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ከእንግሊዝና ከስካንዲኔቪያ የመጡ ድሃ ምእመናንን ዩታ ውስጥ ወዳለችው ሶልት ሌክ ከተማ ለማምጣት ርካሽ ዘዴ ፈለገች። በሬና ትልቅ ጋሪ ቀረ። ሰዎቹ ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ጋሪ ራሳቸው እየጎተቱ ከአይዋ ተነሱ። ለአንድ ሰው የሚፈቀደው የግል ዕቃ 8 ኪሎ ያህል ነበር።

በዚያ ዓመት በጁን የተነሱት ሦስት ቡድኖች ደረሱ። ተጎሳቁለዋል፤ ግን ደርሰዋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት፣ በመሪዎቻቸው ስም ዊሊና ማርቲን የሚባሉት፣ ዘገዩ። ጋሪዎቹ በጥድፊያ ካልደረቀ እንጨት ስለተሠሩ መንገድ ላይ ይሰነጠቁ ነበር። ነብራስካ ሲደርሱ ኦገስት ሆኗል። እዚያ ይከረም ወይስ ይቀጠል የሚል ክርክር ተነሳ። ሊቫይ ሳቬጅ የሚባል መንገዱን የሚያውቅ ሰው ሽማግሌና ሕፃን ይዞ በዚህ ጊዜ መሄድ አደጋ እንደሆነ ተናገረ። ብዙኃኑ እንሂድ አለ። እሱም አብሯቸው እንደሚሄድ፣ ካስፈለገም አብሯቸው እንደሚሞት ነግሯቸው ተነሳ።

ኦክቶበር ላይ ዋዮሚንግ ውስጥ በረዶው ያዛቸው። የማርቲን ቡድን ጭነቱን ለማቅለል ልብስና ብርድ ልብሱን ካራገፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር ውርጩ የመጣው። በወገብ ውሃ ኖርዝ ፕላት ወንዝን ተሻግረው እርጥብ ልብሳቸው ላይ በረዶ ወረደባቸው። ከሶልት ሌክ በጋሪ የተጫነ እርዳታ ባይላክላቸው ኖሮ የሚተርፍ ጥቂት ነበር። ወደ 1,000 ከሚጠጉት ሰዎች ከ200 በላይ ሞቱ።

ጋሪው አንድ ዓይነት ነው። መንገዱም አንድ ነው። ዓመቱም ያው። የለየው የመነሻው ቀን ነው። ስለዚህ የእጅ ጋሪ መጥፎ ነበር ብዬ አልደመድምም። ድሃ ለሆነና በጁን ለተነሳ ሰው ያዋጣ ነበር። ስህተት ሲመጣ የሚያሻግር ትርፍ ግን የለውም። የሚታረድ በሬ የለም፤ ልብስ መያዣ የለም፤ የታመመ ሰው የሚጫንበት ቦታ የለም። ለዘገየ ሰው ከመሄድ ይልቅ መክረም ነው የሚሻለው። መክረም ውርደት አይደለም።

ዋናው መንገድ ወይስ አቋራጭ?

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እዚህ ግን የፈሰሰው ተመልሶ የማይለቀም ነበር።

በ1846 የኢሊኖይ ቤተሰቦች የሆኑት ዶነርና ሪድ ከሌሎች ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ይጓዙ ነበር። ላንስፎርድ ሄስቲንግስ የሚባል ሰው ከትልቁ የጨው ሐይቅ (ግሬት ሶልት ሌክ) በስተደቡብ የሚያልፍ አቋራጭ አለ ብሎ ጽፎ ነበር። ሲጽፈው መንገዱን ራሱ አላየውም። በኋላ በፈረስ አለፈበት፤ በጋሪ ግን እስከዚያ ጊዜ አልሞከረውም። ፎርት ላራሚ ላይ ጄምስ ክላይማን የሚባል፣ በተራሮቹ እያደነ የኖረ ሰው፣ ያን ምድር ከሄስቲንግስ ጋር በፈረስ አቋርጦ የመጣ፣ ለጄምስ ሪድ ተው አለው። የተለመደውን መንገድ ያዙ፣ በጋሪ አይታለፍም አለው። ሪድ ግን ቅርብ መንገድ እያለ ዙሪያ መሄድ አልታየውም።

ዋሳች ተራሮች ላይ መንገድ ስላልነበረ ከሁለት ሳምንት በላይ ዛፍ እየቆረጡ መጥረግ ነበረባቸው። ከዚያ ጨው በረሃው መጣ። 65 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የተባለው 130 ሆኖ ተገኘ። በሬዎቹ በጥም አበዱ፤ ብዙዎቹ ጠፉ። አቋራጭ የተባለው ከዋናው መንገድ ወደ 200 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በሴፕቴምበር መጨረሻ ዋናው መንገድ ላይ ሲገቡ፣ በፎርት ሆል በኩል የዞሩት ቀድመዋቸው ሄደዋል።

የሴራ ኔቫዳ ተራሮች ማለፊያ በር ሥር ሲደርሱ በረዶው በሩን ዘጋው። ዛሬ ዶነር ሐይቅ በሚባለው አካባቢ ክረምቱን ታገቱ። በሬውን በሉ፣ ቆዳውን ቀቅለው በሉ። በዲሴምበር አጋማሽ 17 ሰዎች በእግር እርዳታ ፍለጋ ወጡ፤ ሁለቱ ተመለሱ። ከቀሩት 15 ሰባት ብቻ ተረፉ። አምስቱ ሴቶች በሙሉ፣ ከአሥሩ ወንዶች ሁለቱ ብቻ። የሞቱትን ሥጋ በሉ። ሉዊስና ሳልቫዶር የሚባሉ ሁለት የሚዎክ ነገድ ሰዎች፣ ከካሊፎርኒያ ስንቅ ይዘው ሊረዷቸው የመጡ፣ ለምግብ ተብለው ተገደሉ። ይህን ዝም ብሎ ማለፍ ለእነሱ ፍትሕ አይሆንም። ከቡድኑ 87 ሰዎች ወደ ግማሽ የሚጠጉት አለቁ።

የሪድ ልጅ ቨርጂኒያ ተረፈች። የ13 ዓመት ልጅ ሳለች ለዘመዷ በጻፈችው ደብዳቤ አቋራጭ ፈጽሞ እንዳይሞክሩ፣ በተቻላቸው ፍጥነት እንዲጓዙ መከረች። በምክሩ ክብደት የሚወዳደረው መመሪያ አላየሁም።

የዶነር ታሪክ ግን አቋራጭ ሁሉ ሞት ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊወስደን አይገባም። ሰብለት የሚባለው አቋራጭ ፎርት ብሪጀርን ትቶ ቀጥ ብሎ ወደ ግሪን ወንዝ ይሄዳል። ከ70 ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ የለበትም። ግን ጥቂት ቀናት ይቆጥባል። በ1844 በጋሪ ከተሄደበት ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልፈውበታል። በርሜላቸውን ሞልተው፣ በሌሊት ተጉዘው ደርሰዋል።

ልዩነቱ የት ላይ ነው? መንገዱ በጋሪ ተሞክሯል ወይ የሚለው ላይ ነው። በ1845 ስቲቨን ሚክ የሚባል መሪ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በምሥራቅ ኦሬገን በረሃ ይዞ ጠፋ። አገሩን የሚያውቀው ወጥመድ ይዞ እንደሚዞር አዳኝ እንጂ እንደ ጋሪ ነጂ አልነበረም። ለአዳኝ የሚበቃ ውሃ ለ200 ጋሪ አይበቃም። ከ20 በላይ ሰዎች ሞቱ። ስለዚህ ጥያቄው «አቋራጩ ስንት ኪሎ ሜትር ይቀንሳል?» አይሁን። «ይህን የሚመክረኝ ሰው ራሱ በጋሪ፣ ከነቤተሰቡ አልፎበታል?» ይሁን። መልሱ አይ ከሆነ ዋናው መንገድ።

የኦሬገን መጨረሻ ላይ፦ ወንዙ ወይስ ተራራው?

ዘ ዳልስ የሚባለው ቦታ ላይ መንገዱ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ማውንት ሁድ የሚባለው ተራራ አለ። መጀመሪያ የነበረው ምርጫ ጋሪውን ነቅሎ በታንኳና በጣውላ መርከብ ኮሎምቢያ ወንዝን መውረድ ብቻ ነበር። በ1843 የአፕልጌት ቤተሰብ በዚህ ወንዝ ላይ ልጆቹን አጣ። የወንድማማቾቹ የጄሲና የሊንድሴ አንድ አንድ ወንድ ልጅ እዚያው ሰጠመ። ከሚዙሪ ተነስተው ያን ሁሉ አገር አልፈው፣ መድረሻው ሲቃረብ።

በ1846 ሳሙኤል ባርሎ በተራራው ደቡብ በኩል መንገድ ከፈተ። ክፍያው ለአንድ ጋሪ 5 ዶላር፣ ለአንድ ከብት 10 ሳንቲም። ባዶ ኪስ ለደረሰ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ሎረል ሂል የሚባለው ቁልቁለት በጣም ቀጥ ያለ ስለሆነ ጋሪው በገመድ ከዛፍ ጋር ታስሮ፣ ገመዱ ቀስ በቀስ እየተለቀቀ ነበር የሚወርደው። እዚያ ጋሪ ይሰበራል። ወንዙ ላይ ግን ልጅ ይጠፋል። የተሰበረ ጋሪ ይጠገናል። እኔ ብሆን አምስቱን ዶላር ከመነሻው ደብቄ እይዝ ነበር።

አፕልጌቶቹ ሌላ ቤተሰብ እንደነሱ እንዳያዝን ብለው በዚያው ዓመት ከደቡብ የሚገባ ሌላ መንገድ ፈለጉ። በበጎ ልብ የተሠራ ሥራ ነው። ቢሆንም በመጀመሪያው ዓመት የሄዱበት ሰዎች ዘግይተው ሸለቆ ውስጥ በዝናብና በጎርፍ ተያዙ፤ ብዙ ተሰቃዩ። የማንኛውም መንገድ የመጀመሪያ ዓመት እንዲህ ነው።

ውሃ፣ መልካና በሽታ

ከሁሉ የበለጠ የገደለው በሽታ ነው፤ ከበሽታም ኮሌራ። በ1849፣ በ1850 እና በ1852 በፕላት ወንዝ ዳር የከፋ ነበር። ጠዋት ደህና የነበረ ሰው ማታ ይቀበራል። በሽታው በተበከለ ውሃ እንደሚተላለፍ ተጓዦቹ አላወቁም። ብዙዎቹ በአንድ ሰሞን ያልፋሉ፤ አንድ ቦታ ያድራሉ፤ አንድ ቦታ ይጸዳዳሉ። ወንዙ ድፍርስ ስለነበር ከሰፈሩ አጠገብ ጥልቀት የሌለው ጉድጓድ ቆፍረው የሚጣራውን ውሃ ይጠጣሉ። ንጹሕ ይመስላል። የሚገድለውም እሱ ነው።

ዛሬ ላይ ሆነን ስንፈርድ ቀላል ነው፤ እነሱ ግን በዓይናቸው ባዩት ነበር የሚመርጡት። ድፍርሱ ወራጅ ውሃ ከጠራው ጉድጓድ ሳይሻል አልቀረም። ከሁሉም የሚሻለው የፈላ ነው። ጣዕሙን ለመሸፈን ሲሉ ውሃውን ሁሉ ቡና አፍልተው የጠጡ፣ ለልጆቻቸውም የሰጡ ቤተሰቦች ሳያውቁት ራሳቸውን ጠብቀዋል።

ወንዝ መሻገር ላይ ሁለት ምርጫ ነበር፦ መልካ ፈልጎ በነጻ መግባት ወይም ለጀልባ መክፈል። ውሃው ዝቅ ሲል መልካው ይበቃል። በረዶ ቀልጦ ወንዙ ሲሞላ ግን ክፍያውን ለመቆጠብ የገባ ሰው ጋሪውን፣ አንዳንዴም ራሱን ያጣል። ፕላት ላይ ሞርሞኖች ከ1847 ጀምሮ፣ ግሪን ወንዝ ላይም ሌሎች በጀልባ ያሻግሩ ነበር። ከላይ የቤት ዕቃው ተሸጦ ገንዘቡ ይያዝ ያልኩት ለዚህ ነው።

ልጆች ላይ የሚደርሰው አደጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከራሱ ከጋሪው ነው። በሚሄድ ጋሪ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ መንኮራኩር ሥር ይወድቃሉ። በ1844 ካትሪን ሴገር የምትባል ልጅ እግሯ የተሰበረው እንዲህ ነው። በዚያው ጉዞ አባትም እናትም ሞቱባት። ሰባቱን ወላጅ አልባ ልጆች አብረው የሚጓዙት ቤተሰቦች እየተንከባከቡ ኦሬገን አደረሷቸው።

ከማን ጋር?

ትልቅ ቅፍለት ያስተማምናል ተብሎ ይታሰብ ነበር። የአገሬው ነባር ሕዝቦች ያጠቁናል የሚል ፍርሃት ስለነበረ። እውነታው ሌላ ነው። አንድ የታሪክ ተመራማሪ ከ1840 እስከ 1860 ያለውን ሲቆጥር በነባር ሕዝቦች የተገደሉት ተጓዦች 362፣ በተጓዦች የተገደሉት ነባር ሰዎች ደግሞ 426 ሆነው አግኝቷል። ፖኒ፣ ላኮታ፣ ሾሾኒና ሌሎችም መንገድ አሳይተዋል፣ ወንዝ አሻግረዋል፣ ሳልሞን ዓሣ ሸጠዋል። በምላሹ ሳራቸው ተጋጠ፣ ጎሻቸው ተሰደደ፣ በሽታ ገባባቸው። መሬታቸውም ተወሰደ።

ቅፍለቱ በጣም ከበዛ ሳርና ውሃ አይበቃም፤ ጭቅጭቁም ይበዛል። መካከለኛ ቡድን፣ የሚተዋወቁ ቤተሰቦች ያሉበት፣ ይሻላል። ዶነር ሐይቅ ላይ ይህ በግልጽ ታይቷል። ከሞቱት መካከል ቤተሰብ የሌላቸው ቅጥር ወጣት ወንዶች ብዙ ናቸው። ጉልበት ነበራቸው፤ የሚያስታምማቸው ግን አልነበረም። የሪድና የብሪን ቤተሰቦች ደግሞ አንድም ልጅ ሳይጎድልባቸው ወጡ።

የት ይድረሱ?

እስካሁን ያልኩት ለማንም ቤተሰብ ይሠራል። መድረሻው ላይ ግን ማንነት ይወስናል። ለነጭ ገበሬ የኦሬገኑ ዊላሜት ሸለቆ ከሁሉ ይሻል ነበር፦ ዝናብ፣ ለም መሬት፣ ከ1850 ጀምሮ ደግሞ በሕግ የሚሰጥ ነጻ መሬት። ካሊፎርኒያ ወርቅ ላለመው ነው፤ ግን ከመድረሱ በፊት 64 ኪሎ ሜትር ውሃ አልባ በረሃና ሴራ ኔቫዳ አሉበት።

ለጥቁር ቤተሰብ ሂሳቡ ሌላ ነው። በ1844 ኦሬገን ጥቁሮች እንዳይኖሩ የሚከለክል፣ አልወጣም ያለውን በጅራፍ የሚያስቀጣ ሕግ አወጣች። በዚያው ዓመት ጆርጅ ቡሽ የሚባል ነጻ ጥቁር ገበሬ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ከሚዙሪ ተነስቶ መንገድ ላይ ነበር። ሕጉ በሥራ ላይ ሳይውል ቢሻርም ቡሽ ዕድሉን አልሞከረም። ከወዳጆቹ ጋር ኮሎምቢያን ተሻግሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ ፒዩጀት ሳውንድ ሄደ። ዛሬ ተምዋተር በሚባለው ከተማ አጠገብ እርሻ አቀና። በችግር ዘመን እህሉን ለነጋዴ በውድ ከመሸጥ ይልቅ ለተቸገሩ ጎረቤቶቹ ሰጠ። መሬቱ በስሙ እንዲጸና ግን በ1855 የአሜሪካ ምክር ቤት ልዩ ሕግ ማውጣት ነበረበት። ሲያትልና ታኮማ አካባቢ ለምትኖሩ አንባቢዎች ቦታው ቅርባችሁ ነው። በዚያ ዘመን ለእኛ ለጥቁሮች የሚቀርብ ምርጫ የመረጠ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ዛሬ ማየት ለምትፈልጉ

አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ የምታዩት፣ ዴንቨርና አውሮራ ላላችሁ ዋዮሚንግ፣ ገርንዚ ይሻላል። በመኪና ወደ ሰሜን ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። የጋሪዎቹ ጎማ አለቱን እስከ አንድ ሜትር ተኩል ድረስ ቦርቡሮት ይታያል። ልጆች ወርደው ሊቆሙበት ይችላሉ። ፖርትላንድ ያላችሁ ሎረል ሂልን በሃይዌይ 26 ማውንት ሁድ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ፤ ቁልቁለቱን ከላይ ስታዩት የአምስቱ ዶላር ነገር ይገባችኋል። ኦሬገን ሲቲ ያለው ሙዚየም ደግሞ ስንቅና ጋሪ አመራረጡን ለልጆች በደንብ ያሳያል።

ሳክራሜንቶና ቤይ ኤሪያ ላላችሁ ዶነር ሜሞሪያል ፓርክ ነው። እዚያ ያለው ሐውልት መሠረቱ 6.7 ሜትር ነው፤ የዚያ ዓመት በረዶ የደረሰበትን ከፍታ እንዲያሳይ ተብሎ የተሠራ። በበጋ ሂዱ። በክረምት ከሆነ የጎማ ሰንሰለት፣ ብርድ ልብስና ምግብ መኪናው ውስጥ ይኑር፤ ኢንተርስቴት 80 በዚያ በር ላይ ዛሬም በበረዶ ይዘጋል።